ዮርክ በአንድ ቀን ተኩል፦ ከየት ይጀመር? ምን ይዘለል?

ተጓዥ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። ኦገስት አጋማሽ ላይ ከለንደን ወደ ዮርክ ልንሄድ ነው። ዓርብ እኩለ ቀን ደርሰን፣ አንድ ሌሊት አድረን፣ ቅዳሜ ማታ በባቡር እንመለሳለን። ሁለት አዋቂ፣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ። የያዝኩት ዝርዝር ይሄ ነው፦ ካቴድራሉ (ማማውም ላይ ወጥተን)፣ የከተማው ቅጥር ሙሉ ዙር፣ ጆርቪክ (የቫይኪንጎች ሙዚየም)፣ ሻምብልስ (አሮጌው ጠባብ መንገድ)፣ ክሊፎርድስ ታወር (ጉብታ ላይ ያለው ግንብ)፣ ካስል ሙዚየም፣ የባቡር ሙዚየም፣ ከተቻለ ቤቲስ ሻይ ቤት። ይበዛል? ፍልሰታ ላይ ስለሚውል የጾም ምግብም ያሳስበኛል።

ደረጃ ቆጣሪ

ይበዛል። ዮርክ ትንሽ ከተማ ናት፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር ትታለቃለች። ሰው የሚሳሳተው ርቀቱን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ሻምብልስን ቀትር ላይ፣ ካቴድራሉን ሊዘጋ ሲል፣ ጆርቪክን ያለ ቀጠሮ የሄደ ሰው ቀኑን በወረፋ ይጨርሳል። (ሰዓት የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ዓመተ ምሕረቱም እንደዚያው።)

ዓርብ፦ ከባቡር ጣቢያው ወጥታችሁ ወደ ግራ። ቅጥሩ ፊት ለፊታችሁ ነው። ሌንዳል ድልድይን እንደተሻገራችሁ በግራ በኩል ሙዚየም ጋርደንስ የሚባል መናፈሻ አለ፣ መግቢያው ነፃ። እዚያ ውስጥ መልታንጉላር ታወር የሚባለውን የሮማውያን ግንብ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከታች ያለው ትናንሽ ድንጋይ፣ መሃሉ ላይ እንደ መቀነት የቀይ ሸክላ ረድፍ የዞረበት፣ የሮማውያን ሥራ ነው። ከላይ ያለው ትልልቅ ድንጋይ በመካከለኛው ዘመን የተቀጠለ ነው። የዮርክን ታሪክ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ግድግዳ የለም፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያፈርስ ላዩ ላይ ቀጠለበት። አጠገቡ የሴንት ሜሪስ ገዳም ፍርስራሽ አለ፣ በሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1539 የተዘጋ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ከዚያ በሙዚየም ስትሪት ቀጥ ስትሉ ካቴድራሉ ነው። ዮርክ ሚንስተር ይሉታል። 2 ሰዓት ስጡት። ጎብኚ የማስገባቱ ሥራ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ስለሚያበቃ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ሳይሆን ግቡ።

ቅዳሜ፦ ጠዋት 8 ሰዓት ሻምብልስ። ከዚያ ቅጥሩ፣ ቡተም ባር ከሚባለው በር እስከ መንክ ባር በር ብቻ። 10 ሰዓት ጆርቪክ በቀጠሮ። ቀትር ላይ ክሊፎርድስ ታወር። ከሰዓት የባቡር ሙዚየም፤ ጣቢያው ጀርባ ስለሆነ ከዚያ በቀጥታ ወደ ባቡራችሁ። ካስል ሙዚየምንና የቅጥሩን ሙሉ ዙር ሰርዢ።

ስለ ማማው ደግሞ፦ ከ8 ዓመት በታች ማማው ላይ አያስወጡም። 275 ደረጃ ነው፣ ጠባብ ጠመዝማዛ። ልጅሽ ስለማይፈቀድለት አንዳችሁ ብቻ ውጡ። ዝናብና ነፋስ ሲበረታ ማማው ይዘጋል።

ባቡር ዘጠኝ

በአንድ ነገር አልስማማም። ኦገስት የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት የባቡር ሙዚየሙ ልጅ በልጅ ይሆናል። ዓርብ ከባቡር ስትወርዱ ወዲያው አንድ ሰዓት ብታሳልፉበት ይሻላል። መግቢያው በነፃ ነው። ለልጅ የሚሆኑት ሁለት ናቸው፦ «ማላርድ» የተባለችው ሰማያዊ ባቡር፣ በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጣ እስከ ዛሬ ያልተደፈረ የእንፋሎት ባቡር ክብረ ወሰን የያዘች፤ ሁለተኛው የጃፓን ሺንካንሰን፣ የመጀመሪያው ትውልድ። ልጁ ውስጡ ገብቶ መቀመጥ ይችላል።

ደረጃ ቆጣሪ

እንደዚያ ካደረጉ ካቴድራሉ ወደ 3 ሰዓት ይገፋል። ከሁለቱ አንዱ መጣደፉ ካልቀረ ባቡሩ ይጣደፍ። ሌላው መፍትሔ መከፋፈል ነው። አንድ አዋቂ ከልጁ ጋር ባቡር ሙዚየም፣ ሌላው ከእናት ጋር በታክሲ ካቴድራል። እናትሽም ከጣቢያው የሚያደርሰውን የሩብ ሰዓት መንገድ ይተርፋሉ።

መስታወት አድናቂ

ስለ ሚንስተር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ወደ 20 ፓውንድ ከፍሎ ይገባና አንገቱን አቅንቶ «ያምራል» ብሎ ይወጣል።

ሕንፃው ከ1220 ገደማ እስከ 1472 ተሠራ። መስታወቱ ነው ዋናው ሀብት። ከተቻለ ትንሽ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያዙ፣ ወፍ ለማየት የሚሆነው ዓይነት።

አንደኛ፣ የምሥራቁ ታላቅ መስኮት። ጆን ቶርንተን የተባለ የኮቨንትሪ ሰው ከ1405 እስከ 1408 በ3 ዓመት ጨረሰው፤ በጊዜው ስላደረሰ ጉርሻው ተጨምሮ ጠቅላላ 56 ፓውንድ ተከፈለው። የአንድ ቴኒስ ሜዳ ስፋት አለው። አነባበቡ እንዲህ ነው፦ ጫፉ ላይ እግዚአብሔር «አልፋና ኦሜጋ እኔ ነኝ» የሚል መጽሐፍ ይዞ ተቀምጧል። ከሥሩ ባሉት 3 ረድፎች ከኦሪት የተወሰዱ 27 ሥዕሎች፣ ከፍጥረት የሚጀምሩ። ከዚያ በታች 9 ረድፍ፣ በየረድፉ 9 ሥዕል፣ በድምሩ 81፣ ሁሉም ራእየ ዮሐንስ። ቅድመ አያቶቻችን በግድግዳ ላይ የሳሉትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ዘንዶውን፣ ፈረሰኞቹን፣ ባለ ሰባት ራሱን አውሬ ያለ አስጎብኚ ይለያቸዋል። እናትሽን እዚህ አስቀምጫቸው፣ ወንበር አለ፣ አይሰለቻቸውም። መስታወቱ ከ2008 ጀምሮ ወርዶ ተጠግኖ በ2018 ነው ተመልሶ የተሟላው። አሁን ከውጭ በኩል መከላከያ መስታወት ተደርጎለታል፤ ከአደባባይ ስታዩት የደበዘዘ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ በሰሜን ክንፍ «አምስቱ እኅትማማቾች» የሚባሉት ረጃጅም መስኮቶች። በ1260 ገደማ የተሠሩ። ቀለም ፈልጎ የሄደ ሰው ቅር ይለዋል፣ ግራጫ ናቸው። ግን ከ100,000 በላይ የመስታወት ቁራጭ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የእንግሊዝና የግዛቶቿ ሴቶች መታሰቢያ የሆነውም ይሄ መስኮት ነው።

ሦስተኛ፣ በደቡብ ክንፍ ያለው ክብ የጽጌረዳ መስኮት። በጁላይ 9 ቀን 1984 ሌሊት የደቡቡ ክንፍ ጣሪያ ነደደ፣ መነሻው መብረቅ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። እሳት አጥፊዎቹ እሳቱ ወደ ማማው እንዳይሻገር ብለው የሚነደውን ጣሪያ ሆን ብለው በውሃ ግፊት ጣሉት። መስታወቱ ከሙቀቱ የተነሣ ወደ 40,000 ስንጥቅ ቢሆንም ከቦታው አልወደቀም። ጣሪያው በ1988 ታድሶ ሲያልቅ በቴሌቪዥን በተደረገ የልጆች ውድድር ያሸነፉ 6 ንድፎች በእንጨት ተቀርጸው እላይ ተሰክተዋል። አንዱ ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ነው። ልጁን «ፈልገህ አግኘው» በሉት፣ ሩብ ሰዓት ጸጥታ ታገኛላችሁ።

ዳገት ወጪ

ለልጅ ምድር ቤቱን አትርሱ። ከ1967 እስከ 1972 ማማው የመስመጥ አደጋ ስለነበረበት ከሥሩ ቆፍረው መሠረቱን በኮንክሪትና በብረት አሰሩት፤ ሲቆፍሩ የሮማውያን ጦር ሰፈር ዋና መሥሪያ ቤት ተገኘ። አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ ከመግቢያ ቲኬቱ ጋር ነው። ከዚያው የወጣ አንድ የሮማ ዓምድ ከደቡቡ በር ፊት ለፊት ቆሟል። ተገልብጦ ነው የተተከለው እያሉ አስጎብኚዎቹ ይስቃሉ።

ሚንስተሩ ለምን እንደ አንዳንዶቹ የእንግሊዝ ካቴድራሎች ሹል ጫፍ እንደሌለው የሚጠይቅ ካለ፦ የቀድሞው ማማ በ1407 ፈረሰ። ሲተካ መሠረቱ አይችልም ተብሎ ደፍጣጣ ሆኖ ቀረ። ያ መሠረት ነው ከ500 ዓመት በኋላ ያስቆፈራቸው።

ሰንበቴ

አንድ ጥያቄ። ንግሥት እሌኒ ዮርክ ነበረች፣ ቆስጠንጢኖስም እዚያ ነው የነገሠው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ እናቶቻችን ዋናው ነገር እሱ ነው የሚሆንባቸው።

መስታወት አድናቂ

ግማሹ እውነት ነው። የቆስጠንጢኖስ አባት ቆንስጣንዮስ በጁላይ 306 ዮርክ ላይ ሞተ፤ ከተማዋ ያኔ ኤቦራኩም ትባል ነበር። ወታደሩ ወዲያው ልጁን ንጉሠ ነገሥት አለው። የነገሠበት ጦር ሰፈር አሁን ሚንስተሩ ያረፈበት ቦታ ነው። በደቡቡ በር በኩል የነሐስ ሐውልቱ አለ፣ በ1998 የቆመ። ተቀምጦ ወደ ሰይፉ ቁልቁል ያያል። የሰይፉ ጫፍ የተሰበረ ስለሆነ መስቀል ይመስላል። ፎቶ ለማንሳት ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት ሰው ጉልበቱ ላይ ይቀመጥበታል።

እሌኒን በተመለከተ ግን ዮርክ ስለመምጣቷ ማስረጃ የለም። ቆንስጣንዮስ ለፖለቲካ ጋብቻ ሲል ከዓመታት በፊት ትቷት ነበር። የትውልድ አገሯም ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በአሁኗ ቱርክ፣ በቢታንያ ነው። የብሪታንያ ንጉሥ ልጅ ነበረች የሚለው በመካከለኛው ዘመን እንግሊዞች ያወሩት ተረት ነው። ሆኖም ተረቱ በከተማዋ ላይ አሻራ ትቷል፤ በሴንት ሄለንስ አደባባይ በስሟ የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን አለ። የመስቀል በዓል ንግሥት ማለት ይህችው ናት። ቤቲስ ሻይ ቤትም እዚያው አደባባይ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ለኬክ ተሰልፎ ጀርባውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቶ ይቆማል።

ሊድስ ሰፈር

እግረ መንገዴን፣ ሀበሾች የሚያነሱት ሌላ ጉዳይ አለ። ልዑል ዓለማየሁ ዮርክ ነው የተቀበረው የሚል ወሬ አልፎ አልፎ ይወጣል። አይደለም። የሞተው በ1879 ሊድስ ውስጥ ሄዲንግሊ ነው፣ የተቀበረው ደግሞ ዊንዘር። ከዮርክ ሊድስ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ስሕተቱ ምናልባት ከቅርበቱ ይሆናል።

አፍሪካ በዮርክ ማየት ለሚፈልግ ግን በቂ ነገር አለ። ሊቢያ ውስጥ ሌፕቲስ ማግና የተወለደው ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ በ211 ዮርክ ላይ ነው የሞተው። ዮርክሻየር ሙዚየም ውስጥ ደግሞ በ4ኛው መቶ ዘመን ከዝሆን ጥርስና ከጥቁር ድንጋይ አምባሮቿ ጋር የተቀበረች ባለጸጋ ሴት አለች፤ የአጥንቷ ምርመራ ዘሯ ከሰሜን አፍሪካ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ሙዚየሙ መናፈሻው ውስጥ ስለሆነ መንገዳችሁ ላይ ነው። መግቢያው ይከፈላል። ዝናብ ከያዛችሁ ግቡበት።

ተጓዥ እህት

የእሌኒ ነገር እናቴን በጣም ነው ያስደሰታት፣ አመሰግናለሁ። ጥያቄዎች፦ እናቴ ቅጥሩ ላይ መውጣት ይችላሉ? ጆርቪክ ዋጋው ይገባዋል? ካስል ሙዚየምስ ለምን ይሰረዛል?

ደረጃ ቆጣሪ

ቅጥሩ፦ አይሆንም ባይ ነኝ። መውጫዎቹ በሙሉ ደረጃ ናቸው፣ ያውም ገደል የሚመስሉ፤ የመንክ ባሩ በተለይ ጠባብ ነው። ላይ ከወጡ በኋላ መንገዱ ደልዳላ ቢሆንም በውስጥ በኩል ብዙ ቦታ መደገፊያ ብረት የለም፤ ወደ ጓሮ የሚያወርድ ሜዳ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ በእጅ ይያዝ። ከቡተም ባር እስከ መንክ ባር መውረጃ የሚገኘው በሁለቱ በሮች ላይ ብቻ ስለሆነ መሃል ላይ ደከመኝ ማለት አይቻልም። ለእናትሽ ያለው አማራጭ ዲንስ ፓርክ ነው፣ ከሚንስተሩ በስተሰሜን ያለው ሣር። አግዳሚ ወንበር አለ፣ እናንተ ከላይ ስታልፉ ከታች ያዩአችኋል።

ሙሉ ዙሩ 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሳይቆሙ 2 ሰዓት። ጀማሪ የሚሳሳተው ቅጥሩ አንድ ቀለበት ነው ብሎ ነው። አይደለም። በሌየርቶርፕና በሬድ ታወር መካከል ቅጥር የለም፤ በዘመኑ ረግረግና የንጉሡ የዓሣ ኩሬ ስለነበር መገንባት አላስፈለገም። ዛሬ እዚያ የመኪና መንገድ ዳር ነው የምትሄዱት፤ ለልጅ አሰልቺ። ስለዚህ ቡተም ባር–መንክ ባር 20 ደቂቃ፣ ሚንስተሩን በጓሮው በኩል የሚያሳየው ምርጡ ክፍል ነው፣ እሱ ይበቃል።

የቃል ነገር፦ በዮርክ «ባር» ማለት በር ነው፣ «ጌት» ማለት ደግሞ መንገድ ነው። «ጌት» ከቫይኪንጎች ቋንቋ የቀረ ነው። «ስቶንጌት» በር እየመሰለው የሚፈልግ አለ።

ቅጥሩ በነፃ ነው፣ ከጠዋት 8 ሰዓት እስኪመሽ ክፍት። በረዶ ሲጋገር ይዘጋል፣ ኦገስት ላይ አያሳስብም።

ዳገት ወጪ

ጆርቪክ ላይ ሰው ይከራከራል። እኔ ልጅ ካለ ይገባዋል ባይ ነኝ። ቦታው ከ1976 እስከ 1981 ኮፐርጌት መንገድ ላይ ሲቆፈር 40,000 የሚሆን የቫይኪንግ ዘመን ዕቃ የወጣበት ራሱ ጉድጓዱ ነው። እርጥቡ አፈር አየር ስለማያስገባ እንጨት፣ ቆዳ፣ ጨርቅ ሳይበሰብስ ቆየ። ሌላ ቦታ የቫይኪንግ ቤት ሲባል በአፈር ላይ የቀረ የምሰሶ ጉድጓድ ነው የሚያሳዩህ፣ እዚህ ግን ግድግዳው ራሱ ወጣ። በወንበር ተቀምጠህ በ10ኛው መቶ ዘመን መንደር ውስጥ ትዞራለህ፣ ሽታው ሳይቀር አለ። ለእናትየውም ይሆናል፣ መቀመጫ ነውና።

ሰው የሚሳሳተው ቲኬቱ ላይ ነው። ያለ ቀጠሮ የሄደ ኦገስት ላይ አንድ ሰዓት በላይ መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት በኢንተርኔት ያዙ። ሽታ የማይወድ ሰው መሐረብ ይያዝ። እና ልጁ በጣም የሚስቅበት ነገር መጨረሻ አካባቢ አለ፦ የድንጋይ ያህል የደረቀ የቫይኪንግ ዓይነ ምድር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ1972 አንድ ባንክ ሊሠራበት በተቆፈረ ቦታ የተገኘ።

ባቡር ዘጠኝ

ካስል ሙዚየም መጥፎ ስለሆነ አይደለም የሚሰረዘው። በአሮጌ እስር ቤት ውስጥ ያለ፣ ሙሉ የቪክቶሪያ ዘመን መንገድ ከነሱቆቹ የተሠራበት ትልቅ ቤት ነው፣ 2 ሰዓት ይበላል። ቀኑ ዝናብ ከዋለ ክሊፎርድስ ታወርን ትታችሁ እሱን ግቡ፤ ተፋጥጠው ነው የቆሙት። ፀሐይ ከሆነ ታወሩ።

ክሊፎርድስ ታወር ላይ 55 ደረጃ አለ ጉብታውን ለመውጣት። በ2022 ውስጡ በእንጨት ሰገነት ታድሶ ጣሪያው ላይ ቆሞ መላውን ከተማ ማየት ይቻላል። ማማው ላይ ያልወጣ ልጅ የሚካሰው እዚህ ነው።

ሰንበቴ

እዚያ ጉብታ ላይ ያለውን ታሪክ ለልጁ ከመንገራችሁ በፊት ግን አስቡበት። በማርች 1190 የዮርክ አይሁዳውያን፣ 150 ያህል ሰው፣ ከሕዝብ ቁጣ ሸሽተው በዚያው ጉብታ ላይ በነበረው የእንጨት ግንብ ተጠለሉ። ተከበቡ። ብዙዎቹ በአሳዳጆቻቸው እጅ ከመውደቅ ብለው ራሳቸውን አጠፉ፣ ግንቡም ተቃጠለ፤ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ደግሞ ገደሏቸው። አሁን ያለው የድንጋይ ግንብ ከዚያ በኋላ በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። መታሰቢያ ጽሑፉ ከጉብታው ሥር ነው። ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው እያየ ያልፈዋል።

የጾም ምሳ

አሁን ወደ ሆዳችን። ለፍልሰታ ጎብኚ ዮርክ ውስጥ ወጥመዶች አሉ፣ አትሸወዱ።

ዋናው ድንች ጥብሱ ነው። ዮርክሻየር ውስጥ ብዙ ዓሣና ድንች ቤት የሚጠብሰው በበሬ ስብ ነው። የአካባቢው ሰው የሚኮራበት ባህል ስለሆነ ሜኑ ላይ ላይጻፍ ይችላል። ዓሣውን ትታችሁ «ድንች ብቻ» ብትሉም ያው ስብ ውስጥ የገባ ነው። «በአትክልት ዘይት ነው የምትጠብሱት?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ዮርክሻየር ፑዲንግ የሚሉት እንደ ዳቦ ያለ ነገር እንቁላልና ወተት ነው። ቅዳሜ ሻምብልስ አጠገብ ገበያው ላይ ጥብስ እየጠቀለሉበት ይሸጣሉ፣ ሽታው ይጣራል፣ እለፉት።

ቀላሉ ዘዴ «ቪጋን» የሚለውን ቃል መያዝ ነው። «ቬጅቴሪያን» አይበቃም፣ አይብ ይገባበታል። የእንግሊዝ ምግብ ቤቶች አለርጂ ያለባቸውን ስለሚያስተናግዱ ወተትና እንቁላል ያለበትን ለይቶ የሚያሳይ ዝርዝር አላቸው፣ ጠይቁ ያሳዩአችኋል። እስከ ቀትር ለሚጾም ደግሞ ቅዳሜ ምሳ ሰዓታችሁ ከቀኑ 7 በእኛ ሰዓት፣ ማለትም 1 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ከ12 እስከ 1 ያለው ግፊት ይቀንሳል።

ቤቲስን ተዉት። ቅቤ፣ ክሬም፣ እንቁላል ነው ከላይ እስከ ታች። በጾም ቀን አንድ ሰዓት ተሰልፎ ጥቁር ሻይ ጠጥቶ መውጣት ንስሐ ካልሆነ በቀር ትርጉም የለውም።

ተጓዥ እህት

ሃሃ፣ ቤቲስ ተሰረዘ። ሻምብልስ ለምን በ8 ሰዓት? ሱቆቹ ተዘግተው ምን እናያለን?

መስታወት አድናቂ

ሱቆቹ ተዘግተው ነው የሚታየው። የሥጋ ቤቶች መንገድ ነበር፣ በ1872 25 ሥጋ ሻጮች ነበሩበት። ቀና ብላችሁ ስታዩ ሥጋ የሚሰቀልበት መንጠቆ፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ሥጋ የሚዘረጋበት ሰፊ የእንጨት መደብ በአንዳንድ ሱቅ ላይ ቀርቷል። ፎቆቹ ወደ መንገዱ ያዘነበሉት ሥጋው ፀሐይ እንዳያገኘው ነው። መሃል መንገዱ ላይ ያለው ቦይ ደም ይታጠብበት የነበረ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ስትሄዱ የምታዩት የሰው ጀርባና የጠንቋይ ባርኔጣ የሚሸጥበትን ሱቅ ወረፋ ነው።

እዚያው ትንሽ ጸሎት ቤት አለ፣ ለማርጋሬት ክሊተሮው። የሥጋ ሻጭ ሚስት ነበረች። ካቶሊክ ካህናትን ደብቃለች ተብላ በ1586 ከድንጋይ ክምር ሥር ተጨፍልቃ ተገደለች፤ በ1970 ቅድስት ተብላለች። ጫማ የሚያንኳኳው ድንጋይ ንጣፍ ነውና ለእናትሽ ዝቅ ያለ፣ የማያንሸራትት ጫማ።

ከመንክ ባር ወርዳችሁ ወደ ሻምብልስ ስትመጡ ጉድራምጌት ላይ የብረት በር ያለው ጠባብ መግቢያ አለ። ወደ ውስጥ ግቡ። ሆሊ ትሪኒቲ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ወንበሮቿ እንደ ሳጥን የታጠሩ፣ ወለሏ የተጣመመ። በነፃ። ለእኔ ከዮርክ ሁሉ የምመርጠው ቦታ ነው፣ አሥር ሰው አይሞላባትም። ካቴድራሉ ሲበዛባችሁ እዚህ ትንፋሽ ታገኛላችሁ።

ሊድስ ሰፈር

ስለ ባቡር፦ ከለንደን ኪንግስ ክሮስ 2 ሰዓት ገደማ ነው። አስቀድሞ የሚገዛው ቲኬት ርካሽ ነው ግን ለዚያ ባቡር ብቻ ነው የሚሠራው፣ ካመለጣችሁ ተቃጠለ። አንድ ልጅ ስላላችሁ የቤተሰብ ካርድ አውጡ፤ የአዋቂውን በአንድ ሦስተኛ፣ የልጁን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። የካርዱ ዋጋ በአንድ ጉዞ ይመለሳል።

ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የዮርክ ፈረስ ግልቢያ ሜዳ የውድድር ቀኖችን እዩ። ኦገስት ላይ ኢቦር የሚባል ለ4 ቀን የሚቆይ ውድድር አለ። ያ ሳምንት ላይ ከወደቃችሁ ሆቴሉ ዋጋው ይሰቀላል፣ የቅዳሜ ማታ ባቡር ደግሞ የጠጣ ሰው ሙሉ ነው። ከልጅና ከእናት ጋር አይመከርም። ሳምንቱን ቀይሩ።

መኪና ይዞ ለሚመጣ፦ መሃል ከተማ አትግቡ። ዳር ላይ ያሉት 6 የፓርክና አውቶቡስ ጣቢያዎች አሉ፣ መኪና ማቆም በነፃ፣ አውቶቡሱን ብቻ ይከፍላሉ።

ሰንበቴ

ለእናት አንድ ነገር ልጨምር። ሚንስተር ውስጥ የሠርክ ጸሎት አለ፣ ኢቨንሶንግ ይሉታል። በዝማሬ ነው፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። መግቢያው በነፃ ነው፣ የጎብኚ ቲኬትም አይጠየቅም፤ በሩ ላይ «ለጸሎት ነው» ማለት ይበቃል። መዘምራኑ ከተቀመጡበት አጠገብ ያስቀምጧችኋል። ኦገስት ላይ የራሱ መዘምራን ዕረፍት ስለሚወጡ እንግዳ መዘምራን ናቸው የሚያገለግሉት፣ ያም ቢሆን ጥሩ ነው። ሰዓቱ እንደ ቀኑ ስለሚለያይ ድረ ገጹ ላይ እዩ። ጸሎት ሲጀመር ፎቶ አይነሣም፣ መሃል ላይ ተነሥቶ መውጣትም ነውር ነው፤ ልጁን አስቀድማችሁ መጸዳጃ ቤት ውሰዱት።

ገንዘብ ለመቆጠብ የሚፈልግ ለጸሎቱ ብቻ መግባት ይችላል፣ ግን መስኮቶቹን ዞሮ ማየት አይፈቀድለትም። እሑድ ጠዋት ደግሞ ቅዳሴ ስለሆነ ጎብኚ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፣ ቀናችሁን ወደ እሑድ ካዛወራችሁ አስታውሱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጣልቃ ልግባና፣ ከአሜሪካ ለምንመጣ ቪዛ ያስፈልጋል?

ሊድስ ሰፈር

የአሜሪካ ፓስፖርት ካለህ ቪዛ አይጠየቅም፣ ግን ከመነሣትህ በፊት ኢ ቲ ኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ በስልክህ መሙላት አለብህ፣ ለልጆችም ለየብቻ። የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮችና የእስራኤል ፓስፖርትም እንደዚሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን የጎብኚ ቪዛ ነው የሚጠይቀው፤ ግሪን ካርድ ወይም የዱባይ መኖሪያ ፈቃድ ስላለው አይቀርለትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ትኬት ገዝቶ አየር ማረፊያ የሚመለሰው። የመንግሥቱን መተግበሪያ ብቻ ተጠቀም፣ እጥፍ የሚያስከፍሉ አስመሳይ ድረ ገጾች አሉ።

ዳገት ወጪ

አንድ የመጨረሻ የመንገድ ማስተካከያ ለተጓዥ እህት። ቅዳሜ ክሊፎርድስ ታወርን ከጨረሳችሁ በኋላ እናትየው በታክሲ ወደ ጣቢያው ይሂዱ። ታክሲውን ከታወሩ አጠገብ ካለው የመኪና መንገድ ያዙ፤ መሃል ከተማው ከጠዋት 10፡30 ጀምሮ ለእግረኛ ብቻ ነው፣ ሻምብልስ አካባቢ ቆሞ ታክሲ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ልጅና አዋቂ ደግሞ ስኬልደርጌት ድልድይን ተሻግራችሁ ከቤይል ሂል ቅጥሩ ላይ ውጡ። በሚክልጌት ባር በኩል አልፎ ልክ ጣቢያው ፊት ለፊት ያወርዳችኋል፣ ግማሽ ሰዓት። ሚክልጌት ባር የነገሥታት መግቢያ ነው፤ የከዳተኞች ራስ የሚሰቀለውም እዚያው ላይ ነበር፣ በ1460 የዮርክ መስፍን የሪቻርድ ራስ የወረቀት ዘውድ ደፍቶ። በዚህ በኩል ሰው አይበዛም። የወንዙን ዳር መንገድ ግን በአቋራጭነት አትመኑበት፤ በላይኛው ዮርክሻየር ከዘነበ ኡዝ ወንዝ እዚህ ፀሐይ እያለ ሞልቶ ኪንግስ ስቴይዝን ያጥለቀልቃል። እዚያ ካለው ኪንግስ አርምስ መጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ የየዓመቱ ውሃ የደረሰበት ምልክት አለ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነም አለበት።

ተጓዥ እህት

ቀኑን ከኢቦር ሳምንት አርቄ ወሰድኩ፣ የጆርቪክን 10 ሰዓት ያዝኩ፣ የቤተሰብ ካርዱንም አወጣሁ። ማማው ላይ ባለቤቴ ብቻውን ይወጣል። አንድ የቀረኝ፦ ሻንጣውን ቅዳሜ የት ነው የማስቀምጠው?

ባቡር ዘጠኝ

ያደራችሁበት ሆቴል። ከወጣችሁ በኋላም እስከ ማታ ያስቀምጡላችኋል፣ ብዙዎቹ በነፃ። ለዚህ ሲባል ሆቴሉን ከጣቢያው አጠገብ ያዢ፣ ከሚንስተሩ አጠገብ አይሁን፤ ካልሆነ የማታው ባቡር ከመድረሱ በፊት ሻንጣ ፍለጋ ከተማውን እንደገና ትሻገራላችሁ።